ሦስት እህትማማቾች፣ አንድ አስፓርቴት፦ የአጥንት መድኃኒት ኢንዛይሙን እንዴት ያስረዋል?

ሦስት እህትማማቾች ናቸው። ሦስቱም ለአጥንት መሳሳት ቢስፎስፎኔት የሚባለውን መድኃኒት ከ5 ዓመት በላይ ወስደዋል። ሦስቱም የጭን አጥንታቸው ተሰበረ። ስብራቱ መድኃኒቱ ይከላከለዋል ተብሎ የሚጠበቀው ዓይነት አልነበረም። ከመድኃኒቱ ጋር አብሮ ስሙ የሚነሳው፣ እጅግ አልፎ አልፎ የሚያጋጥመው ዓይነት ነው።

ጉዳዩን ያጠኑት ስፔን ውስጥ ባርሴሎና ያሉ ተመራማሪዎች ናቸው። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2017 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን በአጭር ደብዳቤ አወጡት። በ2018 ደግሞ ሰፊ የላብራቶሪ ሥራ ጨመሩበት። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በሙሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ይህን ጉዳይ የመረጥኩት ስብራቱ ስለሚያሳዝን ብቻ አይደለም። መድኃኒቱ ዒላማው የሆነውን ኢንዛይም በምን መልኩ ጨምድዶ እንደሚይዝ መረዳት ለሚፈልግ ሰው ከዚህ ቤተሰብ የተሻለ መነሻ ያለ አይመስለኝም።

ስብራቱ

በመሳሳት የተጎዳ የጭን አጥንት ብዙውን ጊዜ የሚሰበረው ከላይ፣ ዳሌው መገጣጠሚያ አጠገብ ነው። ይኼኛው ግን ወረድ ብሎ የአጥንቱን ዘንግ ይሰብራል። የአሜሪካ የአጥንትና የማዕድን ምርምር ማኅበር በ2013 ባሻሻለው መስፈርት መሠረት፣ «ያልተለመደ የጭን አጥንት ስብራት» ለመባል ከአምስት ዋና ምልክቶች አራቱ መሟላት አለባቸው። አንደኛ ነገር፣ አደጋው ቆሞ ከመውደቅ አይበልጥም። እንዲያውም አንዳንዱ ሰው ምንም ሳይነካው፣ እየተራመደ ሳለ ነው ቀጭ የሚልበት። ስንጥቁ ከአጥንቱ ውጫዊ ጎን ይነሳና ወደ ውስጥ አግድም ይሄዳል። አጥንቱ አይፈረካከስም። ስንጥቁ ወዲያኛው ጎን ከደረሰ በውስጠኛው በኩል ሹል ጫፍ ሊተው ይችላል። ስንጥቁ በተነሳበት ቦታ ላይ ደግሞ የአጥንቱ ግድግዳ ወፈር፣ አበጥ ብሎ በራጅ ይታያል።

ይህ የመጨረሻው ምልክት ብዙ ይናገራል። አጥንቱ በአንድ ቀን አልተሰበረም ማለት ነው። ራሱን ለመጠገን ሲታገል ቆይቶ አቅቶታል።

ለምን አቃተው? ስንቆምና ስንራመድ የጭን አጥንት ውጫዊ ጎን ይወጠራል። በውጥረቱ ዓይን የማያያቸው ጥቃቅን ስንጥቆች ይፈጠራሉ። ይህ በጤነኛ ሰው ላይም ያለ ነገር ነው። ኦስቲዮክላስት የሚባለው ሴል የተሰነጠቀውን ቦታ ቆፍሮ ያወጣዋል። ኦስቲዮብላስት ደግሞ ተከትሎት ይመጣና በአዲስ አጥንት ይሞላዋል። ቢስፎስፎኔት የሚያስቆመው የመጀመሪያውን ሠራተኛ ነው። ቆፋሪው ከመጠን በላይ በሚቆፍርበት አጥንት ላይ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ግን መቆፈር የሚገባው ስንጥቅም ሳይቆፈር ይቀራል።

ያም ሆኖ ችግሩ ብርቅ ነው። መድኃኒቱን ከሚወስዱ 100,000 ሰዎች በዓመት ከ3.2 እስከ 50 በሚሆኑት ላይ ይደርሳል ተብሎ ይገመታል። ለረጅም ዓመታት በወሰዱት ላይ ቁጥሩ ወደ 100 ይጠጋል። በዚህ ስሌት ከአንድ ቤት ሦስት እህትማማቾች በአጋጣሚ ይሰበራሉ ብሎ ማለፍ ይከብዳል።

መድኃኒቱ ማን ነው?

ሰውነታችን ውስጥ ፓይሮፎስፌት የሚባል ትንሽ ሞለኪውል አለ። ሁለት የፎስፈረስ ቡድኖች በአንድ ኦክስጅን ተያይዘው የሚሠሩት ነው። በ1960ዎቹ ኸርበርት ፍላይሽና ባልደረቦቹ ይህ ሞለኪውል የካልሲየም ፎስፌት ክሪስታል እንዳይፈጠር እንደሚከላከል አሳዩ። መድኃኒት ለማድረግ ግን አይመችም። ሰውነት በኦክስጅኑ በኩል ቶሎ ይበጥሰዋል። መፍትሔው ኦክስጅኑን በካርቦን መተካት ሆነ። ፎስፈረስ፣ ካርቦን፣ ፎስፈረስ። ይህን ማያያዣ የሰውነታችን ኢንዛይሞች አይበጥሱትም። ቢስፎስፎኔት ማለት ይኸው ነው።

መሃል ያለው ካርቦን ሁለት ትርፍ እጆች አሉት። በአንዱ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን ይቀመጣል። ይህ መድኃኒቱ አጥንት ላይ እንዲጣበቅ ያግዘዋል። በሌላኛው ላይ የሚንጠለጠለው ነው መድኃኒቶቹን እርስ በርስ የሚለያያቸው። እንደ ኢቲድሮኔትና ክሎድሮኔት ያሉት የቀድሞዎቹ እዚያ ላይ ናይትሮጅን የላቸውም። አሌንድሮኔት፣ ሪሴድሮኔት፣ ኢባንድሮኔትና ዞሌድሮኔት አላቸው። ኃይላቸው በብዙ እጥፍ የጨመረው በዚህች ናይትሮጅን ነው።

አሌንድሮኔት በአሜሪካ ለአጥንት መሳሳት የተፈቀደው በ1995 ነው። ዒላማው የትኛው ኢንዛይም እንደሆነ በትክክል የታወቀው ግን ከዚያ በኋላ፣ ከ1998 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት በወጡ ጥናቶች ነው። መድኃኒቱ በብዙ ሰዎች አጥንት ውስጥ ገብቶ ሥራውን እየሠራ ሳለ፣ ሳይንሱ ገና «ምኑን ነክቶ ነው?» እያለ ይጠይቅ ነበር።

ኢንዛይሙ ፋርኔሲል ፓይሮፎስፌት ሲንቴዝ ይባላል። ስሙ ረጅም ስለሆነ ከዚህ በኋላ ኤፍፒፒኤስ እያልኩ ልቀጥል። የሚገኘው አጥንት ውስጥ ብቻ አይደለም። በመላ ሰውነታችን ሴሎች ውስጥ አለ። ታዲያ መድኃኒቱ ጉበቱንም ጡንቻውንም ለምን አይጎዳም? እዚህ ላይ ያለው አሠራር ሁሌም ይገርመኛል። በአፍ ከተወሰደው መድኃኒት ወደ ደም የሚገባው ከ1 በመቶ ያነሰ ነው። የገባውም ደም ውስጥ ብዙ አይቆይም። ግማሹ ገደማ ካልሲየም ፍለጋ አጥንት ላይ ይለጠፋል፣ የተረፈው በኩላሊት ይወጣል። አጥንቱ ላይ የተለጠፈው ዝም ብሎ ይቀመጣል። ኦስቲዮክላስት መጥቶ አጥንቱን በአሲድ ማሟሟት ሲጀምር ያኔ ይላቀቃል። ቆፋሪው የሟሟውን አጥንት ሲውጥ መድኃኒቱንም አብሮ ይውጣል። የሚጎዳው አጥንት የሚበላው ሴል የሆነው ሌላው ሴል ኢንዛይሙ ስለሌለው አይደለም። መድኃኒቱን በብዛት የሚውጠው እሱ ስለሆነ ነው።

ኢንዛይሙ ውስጥ

ኤፍፒፒኤስ የሚሠራው ሥራ መቀጠል ነው። አምስት አምስት ካርቦን ያላቸውን ትንንሽ ቁርጥራጮች ያገጣጥማል። አምስት እና አምስት፣ አስር። ሌላ አምስት ይጨምርና አሥራ አምስት። አሥራ አምስት ካርቦን ያለው ውጤት ፋርኔሲል ፓይሮፎስፌት ነው። ከዚያ መንገዱ ይከፈላል። አንደኛው ወደ ኮሌስትሮል ይሄዳል። ሌላው ወደ ቀጣዩ ኢንዛይም፣ ወደ ጄራኒልጄራኒል ፓይሮፎስፌት ሲንቴዝ ያመራል። ይህኛው አምስት ካርቦን ጨምሮ ሃያ ያደርሰዋል። ይህን ሁለተኛ ኢንዛይም ጂጂፒፒኤስ እንበለው፤ የእህትማማቾቹ ነገር የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው። (የኮሌስትሮል መድኃኒቶቹ ስታቲኖችም የሚያግዱት ይህንኑ መንገድ ነው። እነሱ ግን ገና ከላይ፣ ከመነሻው አካባቢ ነው የሚዘጉት።)

በ2006 የሰው ኤፍፒፒኤስ ከሪሴድሮኔትና ከዞሌድሮኔት ጋር በክሪስታል ተይዞ ቅርጹ በኤክስሬይ ታየ። ከዚያ ወዲህ መድኃኒቱ የት እንደሚቀመጥ ግምት አያስፈልግም። ኢንዛይሙ ሁለት ተመሳሳይ ፕሮቲኖች ተጣምረው የሚሠሩት ነው። እያንዳንዱ የራሱ ጎድጓዳ አለው። በጎድጓዳው ውስጥ ሁለት መቀመጫዎች አሉ። አንዱ ለሚቀጠለው ሰንሰለት፣ ሌላው አይሶፔንቴኒል ፓይሮፎስፌት ለሚባለው ቀጣይ ቁራጭ። መድኃኒቱ የሚይዘው የመጀመሪያውን ነው።

በጎድጓዳው አፍ ላይ ትይዩ ሆነው አስፓርቴት የሚባለው አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መገንቢያ ቁራጭ) የበዛባቸው ሁለት ክፍሎች ይገኛሉ። አስፓርቴት ኔጌቲቭ ቻርጅ አለው። የመድኃኒቱ ሁለት የፎስፈረስ ቡድኖች፣ ፎስፎኔቶቹም፣ እንደዚሁ ኔጌቲቭ ናቸው። ሁለት ኔጌቲቮች ደግሞ ይገፋፋሉ። ስለዚህ መሃላቸው አስታራቂ ያስፈልጋል። አስታራቂዎቹ ሦስት የማግኒዥየም አየኖች ናቸው። ሁለቱን በዋናነት አስፓርቴት 103 እና 107 ይይዟቸዋል፤ ሦስተኛውን ደግሞ ከወዲያ በኩል አስፓርቴት 243። (ቁጥሩ አሚኖ አሲዱ በፕሮቲኑ ሰንሰለት ላይ ያለበት ተራ ነው።) ሦስቱ ማግኒዥየሞች በአንድ ወገን አስፓርቴቶቹን፣ በሌላ ወገን ፎስፎኔቶቹን ይዘው እንደ ጉጠት ያጣብቋቸዋል። ሌሎች አሚኖ አሲዶች፣ ላይሲን 200፣ ላይሲን 257 እና አርጂኒን 112፣ በፖዘቲቭ ቻርጃቸው ከጎን ይደግፋሉ።

እስከዚህ ድረስ ለኢንዛይሙ ምንም እንግዳ ነገር የለም። የተፈጥሮው ቁራጭም ፓይሮፎስፌቱን ይዞ ሲመጣ የሚቀመጠው በዚሁ መንገድ ነው። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ነው። በተፈጥሮው ሥራ ፓይሮፎስፌቱ ተበጥሶ ይሄዳል። የቀረው የካርቦን ሰንሰለት ለአፍታ ፖዘቲቭ ቻርጅ ይሸከማል። ያን ጊዜ ነው ቀጣዩ ቁራጭ መጥቶ የሚገጥመው። ቢስፎስፎኔት ላይ ግን የሚበጠስ ነገር የለም። ሥራው ተጀምሮ እዚያው ላይ ይቆማል።

ናይትሮጅኗ የምትገባውም እዚህ ጋ ነው። የመድኃኒቱ ቀለበት ወይም ጭራ፣ የሚረዝመው ሰንሰለት በሚያልፍበት ቅባት ወዳድ መተላለፊያ ውስጥ ይገባል። ናይትሮጅኗ ፖዘቲቭ ቻርጅ ይዛ፣ ያ የአፍታ ፖዘቲቭ ካርቦን ሊሆን በሚገባው ቦታ አካባቢ ትቀመጣለች። እዚያ ትሪዮኒን 201 እና በላይሲን 200 ላይ ያለው የፕሮቲኑ ዋና ሰንሰለት ኦክስጅን በሃይድሮጅን ቦንድ ይይዟታል። ኢንዛይሙ ይህን የሽግግር ቅጽበት አጥብቆ እንዲይዝ ሆኖ የተሠራ ስለሆነ መድኃኒቱንም እንደዚያው አጥብቆ ይይዘዋል። ናይትሮጅኗ ከቦታዋ ትንሽ ብትርቅ ወይም አቅጣጫዋ ቢዛባ የመድኃኒቱ ኃይል ይወርዳል። ተመራማሪዎች ከኢንዛይሙ በኩልም ሞክረውታል። ትሪዮኒን 201ን ወይም ታይሮሲን 204ን በሌላ አሚኖ አሲድ ሲተኩ፣ መድኃኒቱ እንደ ቀድሞው አጥብቆ መያዝ ተስኖታል።

ግን ይህም ገና ግማሹ ነው። መድኃኒቱ ሲገባ ኢንዛይሙ ቅርጹን ይለውጣል። ክፍት የነበረው ጎድጓዳ ይጠባል። በዚህ ለውጥ ሁለተኛው መቀመጫ ይስተካከልና አይሶፔንቴኒል ፓይሮፎስፌት መጥቶ ይቀመጥበታል። ከዚያ የፕሮቲኑ የመጨረሻ ጫፍ ታጥፎ ከላይ ይከድናል። አሁን መድኃኒቱ ከታች፣ ቁራጩ ከጎን፣ ክዳኑ ከላይ ነው። መውጫ የለም። ላብራቶሪ ውስጥ ይህ በግልጽ ይታያል። ኢንዛይሙንና መድኃኒቱን ቀላቅላችሁ ወዲያው ብትለኩ እገዳው መጠነኛ ነው። ለደቂቃዎች አብረው ከቆዩ በኋላ ብትለኩ ግን እጅግ ይጠነክራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ኢንዛይሙ ሲታገድ ከላይ የሚከማቸው ያው አይሶፔንቴኒል ፓይሮፎስፌት ነው። ክዳኑን የሚያጠብቀውም እሱው። እገዳው ራሱን በራሱ ያጠናክራል ማለት ነው።

ክምችቱ በሌላ መንገድም ይታወቃል። ዞሌድሮኔት ለመጀመሪያ ጊዜ በደም ሥር ከተሰጣቸው ሰዎች ሲሶ ያህሉ በሦስት ቀናት ውስጥ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና የሰውነት መቆረጣጠም ይሰማቸዋል። ምክንያቱ በነጭ የደም ሴሎች ውስጥ የተከማቸው ይኸው ቁራጭ ነው። ጋማ ዴልታ የሚባሉት ቲ ሴሎች፣ ከሰውነት መከላከያ ሴሎች ወገን የሆኑት፣ እንደ ጠላት ምልክት ቆጥረውት ይነሳሉ። ትኩሳቱ መድኃኒቱ ኢንዛይሙን ስለመያዙ ከውጭ የሚታይ ማስረጃ ነው።

ኢንዛይሙ ከታገደ በኋላ ኦስቲዮክላስቱን የሚጎዳው ግን ክምችቱ ብቻ አይደለም፤ ከታች የሚጎድለው ነው። ሮ፣ ራክ፣ ራብ የሚባሉ ትንንሽ ፕሮቲኖች ሴሉ ውስጥ ትዕዛዝ ያስተላልፋሉ። ቦታቸውን ለመያዝ የቅባት ጭራ ያስፈልጋቸዋል። ጭራው ያ ሃያ ካርቦን ያለው ሰንሰለት ነው። ጭራ ሲያጡ የሴሉን ሽፋን መያዝ አይችሉም። ኦስቲዮክላስቱ አጥንት የሚያሟሟበትን የተሸበሸበ ጠርዙን ያጣል፣ በመጨረሻም ይሞታል። በሙከራ ሃያ ካርቦን ያለውን ቁራጭ ከውጭ ሲጨምሩለት ሴሉ ሥራውን ይቀጥላል። አሥራ አምስቱ ግን እንደዚያ አይታደገውም። ስለዚህ ወሳኙ ጉድለት የሃያው ነው። የሃያው ሠሪ ደግሞ ጂጂፒፒኤስ ነው።

እህትማማቾቹ ላይ የተገኘው

የባርሴሎናዎቹ ተመራማሪዎች የሦስቱን እህትማማቾችና ዝምድና የሌላቸውን ሌሎች ሦስት ታማሚዎች፣ ፕሮቲን የሚጻፍበትን የዘረመላቸውን ክፍል በሙሉ አነበቡ። እነዚያ ሦስቱም ቢስፎስፎኔት ወስደው ተመሳሳይ ስብራት የደረሰባቸው ናቸው። ሦስቱ እህትማማቾች በ34 ጂኖች ላይ 37 ብርቅ ለውጦችን ተጋርተው ተገኙ።

37 ብዙ ነው። ደግሞም መጋራት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። አንዷ እህት ከአንድ ወላጅ ያገኘችውን ብርቅ ለውጥ ሁለቱም እህቶቿ የመያዝ ዕድላቸው ከአራት አንድ ነው። ከአንድ ቤት የወጡ ናቸውና ስብራቱ ባይኖርም ብዙ ለውጥ ይጋራሉ። ከዝርዝሩ ውስጥ አንዱን ለመምረጥ ሌላ ምክንያት ያስፈልጋል። ምክንያቱን የሰጠው ከላይ ያየነው መንገድ ነው። ከለውጦቹ አንዱ ያረፈው በጂጂፒፒኤስ ላይ፣ መድኃኒቱ ከሚያግደው ኢንዛይም ቀጥሎ ባለው ላይ ነው።

ለውጡም የት ላይ እንዳረፈ እዩ። በኢንዛይሙ 188ኛ ቦታ ላይ ያለው አስፓርቴት በታይሮሲን ተተክቷል። ጂጂፒፒኤስና ኤፍፒፒኤስ ዘመዳሞች ናቸው። ጂጂፒፒኤስም አስፓርቴት የበዛባቸው ሁለት ክፍሎች አሉት፤ ማግኒዥየሙንም በእነሱ ይይዛል። አስፓርቴት 188 የሁለተኛው ክፍል አባል ነው። አስፓርቴት ትንሽ ነው፣ ኔጌቲቭ ነው። ታይሮሲን ትልቅ ቀለበት አለው፣ ያ ኔጌቲቭ ቻርጅ ደግሞ የለውም። ማግኒዥየም የሚይዘው እጅ ጠፋ ማለት ነው። በኤፍፒፒኤስ ላይ መድኃኒቱ የሚጠቀምበት ያው ዓይነት መያዣ፣ በቀጣዩ ኢንዛይም ላይ ከውልደት ጀምሮ ተጎድቷል።

ግምቱ በላብራቶሪ ተፈተነ። የተለወጠው ኢንዛይም ሥራው በከፍተኛ ደረጃ ወርዶ ተገኘ። የሰው ጂጂፒፒኤስ ስድስት ሆኖ ተሰባስቦ ነው የሚሠራው፤ በዚህ ለውጥ ስብስቡም ተዛባ። ተመራማሪዎቹ በዚህ አልቆሙም። የጂጂፒፒኤስን ጂን ሥራ በአጥንት ሴሎች ውስጥ ዝቅ አድርገው አዩ። በኦስቲዮክላስት ላይ የመቆፈር አቅሙ ቀነሰ። ይህ የሚጠበቅ ነው። በኦስቲዮብላስት ላይ ግን ማዕድን የማስቀመጡ ሥራ በጣም ወረደ። ኦስቲዮካልሲን፣ ኦስተሪክስና ራንክኤል የሚባሉት ፕሮቲኖችም ቀነሱ።

ለእኔ የጥናቱ ክብደት ያለው በዚህ በመጨረሻው ውጤት ላይ ነው። መድኃኒቱ በብዛት የሚገባው ቆፋሪው ሴል ውስጥ ነው። የዘር ለውጡ ግን በሰውየው ሴሎች ሁሉ ውስጥ አለ። ስለዚህ በእህትማማቾቹ አጥንት ላይ ምን ሆኖ ሊሆን እንደሚችል መገመት ይቻላል። ቆፋሪው ሴል ሁለት ጊዜ ተመታ፦ ከላይ በመድኃኒቱ፣ ከታች በለውጡ። ሞሊው ሴልም ቀድሞውኑ ደካማ ነበር። በውጫዊው ጎን ላይ የሚፈጠሩትን ስንጥቆች የሚቆፍርም፣ ቶሎ የሚሞላም አልተገኘም።

ይህ አሳማኝ ነው። ማስረጃው ግን የአንድ ቤተሰብ ነው፤ ከዚያ በላይ ልንጭንበት አይገባም። ሌላም ተጠርጣሪ አለ። ኢስትሮጅንንና ቫይታሚን ዲን በመቀየር ሥራ ላይ ያለው ሲዋይፒ1ኤ1 የተባለው ጂን በሦስቱም እህትማማቾችና ዝምድና ከሌላቸው ታማሚዎች በአንዷ ላይ ተለውጦ ተገኝቷል። ይህ ስብራት መድኃኒቱን ጨርሶ ባልወሰዱ ሰዎች ላይም ይደርሳል። ኮርቲዞን መሰል መድኃኒቶችን ለረጅም ጊዜ መውሰድና የጭኑ አጥንት ጉብጠት የየራሳቸውን ድርሻ ይይዛሉ። «የስብራቱ ጂን ተገኘ» የሚል ካለ ከተጻፈው በላይ እያነበበ ነው።

መድኃኒቱን ለሚወስድ ሰው

ይህን አንብቦ መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ የሚያቆም ሰው እንዳይኖር አደራ እላለሁ። በ2007 በወጣው ትልቅ ጥናት፣ ዞሌድሮኔት በዓመት አንዴ ለሦስት ዓመት የተሰጣቸው ሴቶች የአከርካሪ ስብራታቸው በ70 በመቶ፣ የዳሌ ስብራታቸው በ41 በመቶ ቀንሷል። በ2020 ደግሞ በደቡብ ካሊፎርኒያ የ196,129 ሴቶች መረጃ ታይቶ ያልተለመደው ስብራት የተገኘው በ277ቱ ላይ ነው። በዚያው ጥናት ስሌት፣ መድኃኒቱን ለሦስት ዓመት የወሰዱ 10,000 ነጭ ሴቶች ቢኖሩ 149 የዳሌ ስብራት ይቀርላቸዋል፤ ከመድኃኒቱ ጋር የሚያያዝ ያልተለመደ ስብራት ግን 2 ብቻ ይሆናል። በእስያውያን ሴቶች ላይ የጉዳቱ ቁጥር ከፍ ይላል፤ 91 የዳሌ ስብራት ሲቀር 8 ያልተለመደ ስብራት ይሆናል። መድኃኒቱ ከቆመ በኋላ አደጋው በፍጥነት ይወርዳል።

ብዙ ሐኪሞች ከ3 እስከ 5 ዓመት በኋላ ሁኔታውን እንደገና አይተው፣ ስጋቱ መለስተኛ ለሆነ ሰው እረፍት የሚሰጡት በዚህ ምክንያት ነው። አሌንድሮኔት አጥንት ውስጥ ለዓመታት ስለሚቆይ እረፍቱ ወዲያው ባዶ እጅ አያስቀርም።

የእህትማማቾቹን ለውጥ መመርመር በየክሊኒኩ የሚሠራ ነገር አይደለም። መጠየቅ ግን ይቻላል። በቤተሰቡ ውስጥ በዚህ መድኃኒት ላይ እያለ ጭኑ የተሰበረ ሰው ካለ ለሐኪሙ መነገር አለበት። መድኃኒቱን የሚወስድ ሰው ጭኑን ወይም ብሽሽቱን ሳይወድቅ ሳይመታ ካመመው፣ «እርጅና ነው» ተብሎ የሚታለፍ ሕመም አይደለም። ሙሉ ስብራቱ ከመድረሱ በፊት ለሳምንታት ወይም ለወራት እንዲህ ያለ ሕመም የሚሰማቸው ብዙ ናቸው። ራጅ መነሳት ያስፈልጋል። በአንዱ እግር ከተገኘ የሌላውም ጭን ከላይ እስከ ታች መታየት አለበት፤ ስብራቱ በሁለቱም በኩል መምጣቱ የተለመደ ነውና።